ቪጋኗም ሥጋ በሉም ከአንድ የገና ማዕድ

ጥያቄ፦ ለገና እራት ዘጠኝ ሰው እጠብቃለሁ። ልጄ ቪጋን ከሆነች ዓመት አልፏታል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ቀርቶ ማር እንኳ አትቀምስም። የወንድሜ ሚስት ሴሊያክ ስላለባት ስንዴ የነካው ነገር አይስማማትም። የሰባት ዓመት ልጃቸው ደግሞ ለውዝ፣ ካሽውና ዋልነት የመሳሰሉትን ቢበላ ሐኪም ቤት ነው የሚያድረው። ባለቤቴና አባቱ በበኩላቸው ሥጋ የሌለበት የገና እራት እራት አይመስላቸውም። ያለኝ ኦቨን አንድ ነው። አምና ልጄ ድንችና ሰላጣ ብቻ በልታ ተነሣች፤ ድንቹም በቅቤ የተሠራ መሆኑን ያወቀችው ከበላች በኋላ ነበርና በጣም አዘነችብኝ። ዘንድሮ ለእሷ የተዘጋጀ የቪጋን ጥብስ ገዝቼ ለሌላው የለመድነውን ልሥራ ብዬ አስቤአለሁ። ምን ትሉኛላችሁ? (ግራ የገባት እናት)

መልስ፦ እኅታችን፣ የተዘጋጀውን ጥብስ ይተዉት። ሥጋ መስለው ከሚሸጡት የቪጋን ጥብሶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከስንዴ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው፣ ሴሊያክ ላለበት ሰው የማይስማማው ፕሮቲን) ነው። ለልጅዎ ብለው የገዙት ነገር የወንድምዎ ሚስት በኩሽናው ውስጥ እንዲኖር የማትፈልገው ዋናው ነገር ሆኖ ይገኛል። ደግሞም አምና ልጅዎን ያስከፋት የዋናው ምግብ መጉደል ብቻ አይመስለንም፤ ማዕዱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እሷ የምትነካው ማጣቷ ነው። አንድ ጥብስ ገዝተው ድንቹን በቅቤ፣ ሶሱን በዶሮ መረቅ ከሠሩት ዘንድሮም ያው ነው።

ስለዚህ ነገሩን ይገልብጡት። በማዕዱ ላይ የሚቀርበው ሁሉ ከሥሩ ቪጋን፣ ከግሉተን ነጻ፣ ከለውዝ ነጻ ሆኖ ይሠራ፤ ሥጋው ብቻውን በሌላ ሳህን ይጨመር። ይህን ሲያደርጉ የሚቀሩብዎት ቅቤ፣ ክሬም፣ ዱቄትና የዶሮ መረቅ ናቸው፤ የአራቱም ምትክ ቀላል ነው። ሁለት ዓይነት ድንች፣ ሁለት ዓይነት አትክልት መሥራትም ይቀርልዎታል። ዝርዝሩ ይኸውልዎ፦ የምስርና የእንጉዳይ ሎፍ (እንደ ዳቦ ተጋግሮ የሚቆረጥ)፣ የተጠበሰ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ጥቅል ጎመን፣ የእንጉዳይ ሶስ፣ የቸኮሌት ፑዲንግ፤ ለሥጋ በሎቹ አንድ ዶሮ።

ሎፉን ለልጅዎ ብቻ አይለኩት። ሁሉን የሚበላ ሰው ሎፉንም ይበላል፤ ለአንድ ሰው የተሠራ ዋና ምግብ ባለቤቷ እጇን ሳትዘረጋ ያልቃል። ከታች ያለው ልክ ዘጠኝ ቁራሽ ይወጣዋል።

ለሎፉ 250 ግራም ድፍን ቡናማ ወይም አረንጓዴ ምስር፣ 500 ግራም እንጉዳይ፣ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ትልቅ ካሮት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 150 ግራም የዱባና የሱፍ ፍሬ፣ 100 ግራም አጃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ጦስኝ፣ ትንሽ ሮዝመሪ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ያስፈልጋል። ክክ ምስር አይሆንም፤ ሲበስል ይሟሟና ሎፉን ገንፎ ያደርገዋል።

ምስሩን በትሪ ዘርግተው በደንብ ይልቀሙት። ድንጋዩን ብቻ አይፈልጉ፤ ምስር ውስጥ የስንዴና የገብስ ፍሬ ተቀላቅሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ ለሴሊያክ ደግሞ ዋናው አደጋ እሱ ነው። አጥበው በብዙ ውሃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቀቅሉት፤ በጣት ሲጫኑት ይፍረጥ እንጂ በራሱ አይፍረስ። አጥልለው እንፋሎቱ እስኪወጣለት ለ10 ደቂቃ ዘርግተው ይተዉት። ይህች 10 ደቂቃ እንደ ትርፍ ነገር ትታያለች፤ በማጥለያ ውስጥ ተከምሮ የቀረ ምስር ግን የያዘውን ውሃ ይዞ ነው ወደ ሎፉ የሚገባው።

እንጉዳዩን በቢላ አድቅቀው ይክተፉት። ሰፊ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ጥደው በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያብስሉት። እንጉዳይ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ ቀጥሎ ውሃው ይተናል፣ ከዚያ በኋላ ነው መጠበስ የሚጀምረው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያወርደዋል። መጥበሻው ደርቆ፣ ድምፁ ከመንተክተክ ወደ መንቻቻት ተለውጦ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን 12 ወይም 15 ደቂቃ ይታገሡ። ጨውን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። በዚያው መጥበሻ ሽንኩርቱንና የተፈቀፈቀውን ካሮት 10 ደቂቃ ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ድልሁን፣ ጦስኙንና ሮዝመሪውን ጨምረው ድልሁ መልኩ እስኪጠቁር ሁለት ደቂቃ ያማስሉት።

ተልባውን በ9 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ይወፍራል። አንድ ማንኪያ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አንድ እንቁላል ይተካል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን በከፊል። እንቁላል በሙቀት ይረጋል፤ የተልባ ልጋግ ግን ያጣብቃል እንጂ አይረጋም። ሎፉን በእርግጥ የሚያቆመው የአጃውና የምስሩ ስታርች ነው፤ ለዚህ ነው በተልባ ብቻ ተማምነው አጃውን የቀነሱ ሰዎች ሎፋቸው የሚፈራርስባቸው።

ፍሬዎቹን በደረቅ መጥበሻ አመስ አድርገው በግርድፉ ይውቀጧቸው። ከምስሩ አንድ ሦስተኛውን በሹካ ይጨፍልቁ፤ ሁሉንም ከፈጩት ሎፉ እንደ ሊጥ ይሆንና አፍ ውስጥ ይጣበቃል፣ ምንም ካልጨፈለቁ ደግሞ የሚያያዝበት ነገር ያጣል። ሁሉን ከአጃው፣ ከሶያ ሶሱ፣ ከተልባውና ከ1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ቀላቅለው ለ20 ደቂቃ ይተዉት፤ አጃው የተረፈውን እርጥበት ይጠጣል። ከዚያ በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት። ቅርጹን ከያዘ ደርሷል። ውሃ ከጣትዎ መሐል ከወጣ ሁለት ማንኪያ አጃ ይጨምሩ፤ ከተበታተነ ሁለት ማንኪያ ውሃ። እንቁላል ስለሌለበት ሳይፈሩ ይቅመሱት፤ ትንሽ ጨው የበዛ መስሎ ከታየዎት ልክ ነው፣ ቀዝቅዞ ሲቆረጥ ጨውነቱ ይቀንሳል።

23 በ13 ሴንቲሜትር የሆነ የዳቦ መጋገሪያ ፎርማ ውስጥ የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ፤ ወረቀቱ በሁለት ጎን ወጣ ይበል፣ በኋላ ሎፉን ይዘው የሚያወጡት በሱ ነው። ድብልቁን በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርገው እየተጫኑ ይሙሉት። በ180 ዲግሪ ፎይል ሸፍነው 40 ደቂቃ፣ ፎይሉን አንሥተው 20 ደቂቃ ይጋግሩ። ከዚያ አይንኩት። ሎፍ የሚፈርሰው በአብዛኛው ከአሠራሩ ይልቅ በትኩሱ ስለሚቆረጥ ነው። እርስዎ ግን ዋዜማውን ጋግረው ሌሊቱን በፍሪጅ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ቀዝቃዛውን ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት እያደረጉ በጥርስ ባለው ቢላ ይቁረጡትና ሊቀርብ ሲል በትንሽ ዘይት በመጥበሻ ከሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ደቂቃ ይጥበሱት። ውጪው ጥርት ይላል፣ ኦቨንዎም ነጻ ይሆናል። በእኛ ግምት ከኦቨን ከወጣው ትኩስ ሎፍ ይህኛው ይጣፍጣል።

ከዝርዝሩ ሦስት ነገሮች ማሸጊያ ማንበብና ስልክ መደወል ይጠይቁዎታል። አጃ በተፈጥሮው ግሉተን የሌለው ቢሆንም በእርሻና በወፍጮ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ «ከግሉተን ነጻ» የሚል ማሸጊያ ያለው መሆን አለበት፤ ከሴሊያክ ሕመምተኞች ንጹሑ አጃ እንኳ የማይስማማቸው ጥቂቶች ስላሉ የወንድምዎን ሚስት አስቀድመው ይጠይቋት። እንቢ ካለች በአጃው ፈንታ 200 ግራም የሚጣበቅ ዓይነት የበሰለ ሩዝ ከ4 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጋር ጨፍልቀው ያስገቡ። ሶያ ሶስ ብዙውን ጊዜ ስንዴ አለበት፤ ከስንዴ ነጻ የሆነውንና በማሸጊያው ላይ እንዲያ የተጻፈበትን ይግዙ። የዱባና የሱፍ ፍሬም ለውዝ በሚታሸግበት ፋብሪካ ሊታሸግ ስለሚችል ለልጁ ሲባል ማስጠንቀቂያው ይነበብ። ልጁ ሰሊጥና ኮኮናት ይችል እንደሆነም በዚያው ይጠይቁ።

ማሸጊያ ማንበብን ካነሣን፣ ልጅዎን ደግመው የሚያስቀይሟት እነዚህ ናቸው፦ የሾርባ ኪዩብ (አትክልት የሚል ስም ይዞ የወተት ዱቄት ያለበት አይጠፋም)፣ ማርጋሪን (ዌይ ወይም ኬዚን ከሚሉት ቃላት አንዱ ካለ ወተት አለበት)፣ ዉስተርሻየር ሶስ (የተለመደው ዓሣ አለበት)፣ ጄላቲን የገባበት ጣፋጭ፣ ማር የገባበት የሰላጣ ማጣፈጫ። የወይን ጠጅም አለ፤ አንዳንዱ የሚጣራው በእንቁላል ነጭ ወይም ከዓሣ በሚገኝ ነገር ነው፣ ስለዚህ ቪጋን የሚል ጽሑፍ ያለውን ይምረጡ። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ነገር ነው። ለአለርጂ ሰው የተጻፈ ነው፤ ብዙ ቪጋኖች አያስጨንቃቸውም፣ የልጅዎን አቋም ከራሷ ይስሙ። ለልጁ ለውዝ ግን ያው ማስጠንቀቂያ «አይሆንም» ማለት ነው።

ሶሱ። ሥጋ በሎቹ ሎፉን የሚወዱትም የማይወዱትም በዚህ ነው፤ የዶሮ ስብ የሌለበት ሶስ ውሃ ውሃ የሚለው ጣዕሙን የሚሰጠው ነገር ስላልተጠበሰ ነው። 20 ግራም የደረቀ እንጉዳይ በግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ውሃውን በጨርቅ ያጥልሉት፤ አሸዋ አያጣም። ሁለት ሽንኩርትና አንድ ካሮት ከትፈው በ3 ማንኪያ ዘይት 20 ደቂቃ ሙሉ ያቁላሉ፤ መልኩ ቀላ ከማለት አልፎ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሁን። አንድ ማንኪያ ድልህ ጨምረው ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ የእንጉዳዩን ውሃ፣ እንጉዳዩን ራሱን፣ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስና ጦስኝ ጨምረው 20 ደቂቃ ያንተክትኩት። አጥልለው ወደ ድስቱ ይመልሱት፤ 750 ሚሊ ሊትር ያህል እንዲሆን በውሃ ይሙሉት። 3 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ6 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው እያማሰሉ ያፍስሱ፤ አንድ ደቂቃ ሲፈላ ይወፍራል። ስታርቹን ደረቁን ሙቅ ሶስ ላይ ከበተኑት ውጪው ወዲያው ስለሚበስል ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓጎላ ይሠራል፤ ያ ደግሞ በማማሰል አይፈታም። ጣዕሙ የጎደለው ከመሰለዎት ጨው ከመጨመርዎ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ይሞክሩ። ከዶሮው የሚወጣውን ጭማቂ በሌላ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ለባለቤትዎና ለአባታቸው ያቅርቡ፤ ከዚህኛው ጋር አይደባለቅ።

ድንቹ ቅቤ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቤኪንግ ሶዳ ነው። 2.2 ኪሎ የሚፈርስ ዓይነት ድንች ልጠው በትልልቁ ይቁረጡ። ጨው በገባበት 3 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው 10 ደቂቃ ይቀቅሉ። ሶዳው የድንቹን ላይኛ ክፍል ያላላዋል፤ አጥልለው በድስቱ ውስጥ ሲንጡት ዙሪያው እንደ ፍርፋሪ ይሆናል፣ ያ ፍርፋሪ ነው ዘይት ጠጥቶ የሚኮሽሸው። ዱቄት አይነስንሱበት። ሶዳውን ካበዙት ድንቹ የሳሙና ጣዕም ይይዛል። በሁለት ትሪ ይከፋፍሉት፤ ተደራርቦ የተቀመጠ ድንች በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ካሮቱ በምድጃ ላይ ይሠራል፦ 1 ኪሎ ካሮት፣ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 ማንኪያ ዘይት፣ 1 ማንኪያ ስኳር፣ ጨው፤ ተከድኖ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ክዳኑ ተነሥቶ ውሃው አልቆ እስኪያብረቀርቅ። ጎመኑ ከዚህም ይቀላል። 1 ኪሎ ቀይ ጥቅል ጎመን፣ 2 ፖም፣ አንድ ሽንኩርት፣ 3 ማንኪያ የፖም ኮምጣጤ፣ 2 ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት፤ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። ኮምጣጤውን ከመጀመሪያው ያስገቡት፣ ያለ እሱ ጎመኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከገብስ የተሠራ የብቅል ኮምጣጤ አይጠቀሙ።

ለጣፋጩ 400 ሚሊ ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት የኮኮናት ወተት ሊፈላ ሲል አውርደው በተከተፈ 225 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ላይ ያፍስሱ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቀው ከመሐል ወደ ዳር ያማስሉ፤ በዘጠኝ ትንንሽ ብርጭቆ ቀድተው ቢያንስ አራት ሰዓት በፍሪጅ ያቆዩት። ዘይቱ ከተለየ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምረው በኃይል ይምቱት፤ ይመለሳል። ከለውዝ ርዝራዥ ነጻ ነኝ የሚል ቸኮሌት ካላገኙ፣ ወይም ኮኮናቱ ለልጁ ካልሆነ፣ 800 ሚሊ ሊትር ጣዕም ያልተጨመረበት የሶያ ወተት፣ 50 ግራም ኮኮዋ፣ 120 ግራም ስኳርና 50 ግራም የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛው በጥብጠው እያማሰሉ ሁለት ደቂቃ ያፍሉ። የወተቱን ካርቶን ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ ቫኒላ ያለበትና የሌለበት ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። በቆርቆሮ ከታሸገ ሽምብራ ውሃ የሚመታውን ሜሬንግ (እንደ አረፋ ተመትቶ የሚጋገር ጣፋጭ) ሰምተው ከሆነ ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ የዘይት ጠብታ ከነካው አይነሣም፣ እንፋሎት የሞላበት ኩሽና ውስጥም ተጋግሮ ካለቀ በኋላ እንኳ ይለሰልሳል።

አሁን የኦቨኑ ነገር። ዋዜማ ሎፉ፣ ሶሱ፣ ጎመኑና ፑዲንጉ ያልቃሉ። በዕለቱ ኦቨኑ ውስጥ የሚገቡት ዶሮውና ድንቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም በተራ። 2 ኪሎ ከ200 ግራም የሆነ ዶሮ በ190 ዲግሪ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ኦቨንዎ ባለ ማራገቢያ ከሆነ ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ይቀንሱ። ከእራቱ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በፊት ያስገቡት፣ አንድ ሰዓት ሲቀር ያውጡት። ቴርሞሜትር ካለዎት የጭኑ ወፍራም ቦታ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በፎይል ሸፍነው ይተዉት፤ ይህ ዕረፍት ለሥጋውም ጭማቂውን እንዲይዝ ይጠቅመዋል። ወዲያው ሙቀቱን ወደ 220 ከፍ አድርገው ሁለቱን ትሪዎች ከ50 ሚሊ ሊትር ዘይት ጋር ያስገቡ፤ ዘይቱ ሲግል ድንቹን ያፍስሱበት። 50 ደቂቃ። በ25ኛው ደቂቃ ይገልብጡትና የላዩን ትሪ ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያዛውሩ። በዚያው ጊዜ ምድጃው ላይ ካሮቱ፣ ጎመኑና ሶሱ ይሞቃሉ፤ አራተኛው እሳት የሎፉ ነው።

ዶሮውና ድንቹ አንድ ላይ ይግቡ የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል፤ አይስማሙ። የዶሮው ስብ ይረጫል፣ ድንቹ ደግሞ በ190 ይለሰልሳል እንጂ አይኮሽሽም።

ንጽሕናው ላይ አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ይያዙ፦ ጥሬው ዶሮ የአትክልቱ መክተፍ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በራሱ መክተፊያና ቢላ። አያጥቡት፤ ውሃው ጀርሙን ዙሪያውን ይረጨዋል። ስንዴ በዚያ ሁለት ቀን ኩሽናው ውስጥ ባይገባ ጥሩ ነው፤ የግድ ዳቦ ካስፈለገ በሌላ ጠረጴዛ ይቆረጥ። ፓስታ የተጠለለበት ማጥለያና የቆየ የእንጨት ማማሰያ ግሉተን ስለሚይዙ አዲስ ወይም የብረት ይጠቀሙ።

ማዕዱ ላይ ለየሳህኑ የራሱ ማንኪያ ይኑር፤ ዶሮው በጎን ጠረጴዛ ይቀመጥ፣ የሚፈልግ ተነሥቶ ይቁረጥ። የባለቤትዎን አባት «ዛሬ ምግቡ ቪጋን ነው» ብለው አይቀበሏቸው፤ ዶሮ አለ፣ ድንች አለ፣ ሶስ አለ፣ ይኸው ነው። ለልጅዎ ግን በተቃራኒው፦ አምና ከሆነው በኋላ «ምንም የለበትም» የሚል ቃል ብቻ አይበቃትም። ማሸጊያዎቹን ሳይጥሉ ያቆዩላትና ዋዜማ ሎፉን አብራችሁ ሥሩት።

ሎፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በገና ዕለት አይሥሩት። ከሳምንት በፊት የልኩን ግማሽ በትንሽ ፎርማ ይሞክሩ፤ ጠቅላላ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ከእራቱ የተረፈው ሎፍ በፍሪጅ ሦስት ቀን ይቆያል፣ በመሐሉ ወረቀት አድርገው ፍሪዘር ውስጥም ማስገባት ይችላሉ። ሶሱን ግን ፍሪዘር አያስገቡት፤ በስታርች የወፈረ ሶስ በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል።